ከራውት 7 እስከ ላውረንስቪል፦ የአሜሪካ ከተማ ዳር መራጭ ለምን ይዋዥቃል?

ዘጠኝ ቀን፣ ስድስት ግዛት፤ አብዛኛው በመኪና፣ አንዱ ረጅም መንገድ በአውሮፕላን። ፍለጋው በፕሬዚዳንት ምርጫ አንዴ ወደ ሪፐብሊካን፣ አንዴ ወደ ዴሞክራት የሚያደላውን የከተማ ዳር ነዋሪ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሰፈሩን «ሰበርብ» ይሉታል። በየምርጫው ማግስት ቴሌቪዥኑ «ሰበርቡ ተገለበጠ» ሲል ሰሚው የሚያስበው ባለፈው ለአንዱ፣ ዘንድሮ ለሌላው ድምፁን የሰጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ካውንቲ (ከግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) የሚገለበጥባቸው ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ፦ ነዋሪው ራሱ በአዲስ ነዋሪ ሲተካ፣ ወይም የአንደኛው ወገን ደጋፊ በምርጫው ቀን ቤቱ ሲቀር። ሦስቱ ተደባልቀው ስለሚመጡ፣ ሳይለዩ ምክንያት መፈለግ ወደ ስህተት ይወስዳል።

ለመንገዱ የሚያስፈልገው ትንሽ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ካውንቲ የሁለት ምርጫ ውጤት ይያዝ፤ በመቶኛ ሳይሆን በድምፅ ቁጥር። አጠገቡ ከሕዝብ ቆጠራ የተወሰደ የነዋሪ ብዛት ይጻፍ። ውጤቱ በየግዛቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀን 1፦ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ታይሰንስ፣ ቨርጂኒያ

ራውት 7 ለዚህ ሥራ የተዘረጋ ይመስላል። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ በፎልስ ቸርችና በታይሰንስ አድርጎ እስከ ሊስበርግና ከዚያም ወዲያ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማይሎች ለሀበሻ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፤ የእንጀራ መሸጫው፣ ምግብ ቤቱ፣ የግብር ሠሪው ቢሮ በአማርኛ ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ከተማ ዳር ሲባል ነጭ ቤተሰብና የተቆረጠ ሣር ብቻ የሚመጣለት ሰው እዚህ ሐሳቡን ያርማል። በፌርፋክስ ካውንቲ ከ10 ነዋሪ 3ቱ ገደማ የተወለደው ከአሜሪካ ውጭ ነው።

በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፌርፋክስን በጠባብ ልዩነት አሸንፎ ነበር። በ2004 ጆን ኬሪ ወሰደው፤ ከ1964 ወዲህ ለዴሞክራት የመጀመሪያው ነው። በ2020 ጆ ባይደን ወደ 70 በመቶ አደረሰው፤ በ2024 ካማላ ሃሪስ ከዚያ አራት የመቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ ብላ አሸነፈች።

እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ በቨርጂኒያ ሕግ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው፤ የፌርፋክስ ካውንቲ አካል አይደሉም። በፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ሰዎች ግን የሚኖሩትም ድምፅ የሚሰጡትም በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። አድራሻን ከምርጫ ክልል ጋር ያደባለቀ ስሌት ከመነሻው ይበላሻል። ሁለተኛ፣ በ2020 የቨርጂኒያ የፖስታና የቅድሚያ ድምፅ በየምርጫ ጣቢያው ሳይበተን በካውንቲ ደረጃ አንድ ላይ ተመዝግቧል። በዚያ ዓመት በፖስታ የሚመርጠው በብዛት ዴሞክራት ስለነበር፣ የጣቢያ ውጤት ብቻ ያየ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሪፐብሊካን የሄደ ይመስለዋል። የ2020ን ጣቢያ ከሌላ ዓመት ጣቢያ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም፤ በካውንቲ ደረጃ መቆም ይሻላል።

ስለ 2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ በሀበሻው ዘንድ ብዙ ስለሚወራ ነገሩን በቁጥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሴፕቴምበር 2021 የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ አወጣ፤ ኢትዮጵያ ሸቀጧን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ እንደምትወጣ የተነገረው ደግሞ ኖቬምበር 2፣ ልክ በምርጫው ዕለት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን በዚያ ወቅት ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንኪን በግልጽ ቀስቅሰዋል። ያንኪን ያሸነፈው በ63 ሺህ ገደማ ድምፅ ነው። የእኛ ሰው ድምፅ በዚያ ውስጥ እንዳለበት ጥርጥር የለም። ሆኖም ባይደን በ2020 ግዛቱን በ10 ነጥብ አሸንፎ ስለነበር፣ ያን ያህል ለውጥ በአንድ ማኅበረሰብ ብቻ አይመጣም። ትልቁ ምክንያት በዚሁ በራውት 7 ራቅ ብሎ ይገኛል።

ቀን 2፦ ላውዶን ካውንቲ

ከታይሰንስ ወደ ምዕራብ ሲኬድ አፓርታማው እያነሰ፣ የተያያዙት ቤቶች፣ ከዚያም ለየብቻ የቆሙት እየበዙ ይሄዳሉ። ስተርሊንግ፣ አሽበርን፣ ሊስበርግ። አሽበርን የኢንተርኔት መረጃ ማከማቻ ሕንፃዎች ከተማ ሆኗል፤ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሣጥኖች ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ቆመዋል። ባቡሩ፣ ሲልቨር ላይን፣ አሽበርን የደረሰው በኖቬምበር 2022 ነው።

አዲስ ነዋሪ ካውንቲን እንዴት እንደሚገለብጥ ለማየት ከላውዶን የተሻለ ቦታ የለም። በ1990 ነዋሪው 86 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 420,959። በ2004 ቡሽ 60 ሺህ፣ ኬሪ 47 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኙ። በ2020 ትራምፕ 82 ሺህ፣ ባይደን 138 ሺህ ገደማ። ሪፐብሊካኑ ድምፅ አልቀነሰበትም፤ 22 ሺህ ያህል ጨምሯል። ዴሞክራቱ ግን 91 ሺህ ጨመረ። በመቶኛ ብቻ ያየ ሰው «የላውዶን ሰው ሐሳቡን ለወጠ» ይላል፤ ቁጥሩን ያየ ግን በ2004 ያልነበረ ሌላ ካውንቲ በላዩ እንደ ተገነባ ያያል። የገቡት በኮምፒውተር ሙያ የሚሠሩ፣ ዲግሪ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ከሕንድና ከሌላው እስያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው።

ያም ሆኖ እውነተኛ ተዋዣቂም እዚህ አለ። ባይደን በ2020 ላውዶንን በ25 ነጥብ አሸነፈ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በገዥ ምርጫው የያንኪን ተፎካካሪ ዴሞክራቱ ቴሪ መኮሊፍ በ11 ነጥብ ብቻ። በአንድ ዓመት ሕዝብ አይለወጥም። የተለወጠው የቤተሰቡ ጉዳይ ነበር፦ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል፣ የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ጠብ የነገሠበት ሆኗል፣ መኮሊፍም ትምህርት ቤት ምን ማስተማር እንዳለበት ወላጆች መናገር የለባቸውም የሚል አነጋገር በክርክር መድረክ ላይ አሰምቷል። እዚህ ሰፈር ቤት የሚገዛው ለትምህርት ቤቱ ተብሎ ነው። የብድሩ ዋጋ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አለ። ስለዚህ ያ ንግግር እንደ ፖለቲካ ሳይሆን እንደ ንብረት ነክ ጉዳይ ተሰማ።

በኖቬምበር 2025 ደግሞ መንገዱ ዞረ። የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳና የመንግሥት መዘጋት ይህን አካባቢ በደመወዙ መታው፤ ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር የገዥነቱን ምርጫ በ15 ነጥብ ገደማ አሸነፈች። በአራት ዓመት ውስጥ አንዴ በልጁ ትምህርት፣ አንዴ በደመወዙ። ይህ መራጭ ጽኑ እምነት የለውም ብለው የሚንቁት አሉ፤ እኛ ግን የራሱን ኑሮ ከሚመራው እጅ ጋር አያይዞ የሚመዝን ሰው ነው እንላለን።

ቀን 3፦ ቼስተርና ዴላዌር ካውንቲ፣ ፔንሲልቬኒያ

ከባልቲሞር በሰሜን ምሥራቅ አይ-95ን ትቶ ዩኤስ 1ን መያዝ ይሻላል። መንገዱ በኮኖዊንጎ ግድብ ላይ አልፎ ቼስተር ካውንቲ ይገባል፤ ኬኔት ስኩዌር የእንጉዳይ ምድር ናት። ቀጥሎ ቻድስ ፎርድ፣ ሚዲያ፤ ዴላዌር ካውንቲ።

ፔንሲልቬኒያ በዚህ ጉዞ ካሉት ቦታዎች በአንድ ነገር ትለያለች፦ መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲውን ያስመዘግባል። ቨርጂኒያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ጆርጂያ እንዲህ ያለ ምዝገባ የላቸውም። ስለዚህ መዝገቡና ድምፁ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚታየው እዚህ ነው።

ቼስተር ካውንቲ ባለ ዲግሪው ሪፐብሊካን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ ወጣ ያሳያል። በ2012 ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ በ529 ድምፅ አሸነፈ። በ2016 ዴሞክራቷ ሂላሪ ክሊንተን በ9 ነጥብ ገደማ ወሰደችው፤ በዚያው ቀን ግን ያው ካውንቲ ለሪፐብሊካኑ ሴናተር ፓት ቱሚ አብላጫ ሰጠ። በ2019 የካውንቲው አስተዳደር ወደ ዴሞክራት ሄደ፤ ጎረቤቱ ዴላዌር ካውንቲም ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጀምሮ በሪፐብሊካን እጅ የነበረውን ምክር ቤቱን በዚያው ዓመት ለወጠ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ፣ ከዚያ ሴናተሩ፣ ከዚያ የአካባቢው ሹም። የፓርቲ ምዝገባው ከሁሉ ይዘገያል፤ ሰው ከልቡ ከወጣ በኋላ ወረቀቱን ለመቀየር ዓመታት ይወስድበታል። በምዝገባ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ውጤት የሚተነብይ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ወደዚያ የገፋው ምንድን ነው? ትራምፕ ለዚህ ዓይነት ሰው በጠባዩም በአነጋገሩም የማይመች ሆነ፤ ያ አንዱ ነው። የ2017 የግብር ሕግ ለግዛትና ለአካባቢ ከተከፈለው ግብር የፌዴራል ግብር ሲሰላ የሚቀነሰውን በ10 ሺህ ዶላር ገደበ፤ የቤት ግብሩ ከባድ በሆነበት ሰፈር ይህ በቀጥታ ኪስ ነካ። በጁን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውርጃ መብትን ከሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ ሲያወጣ ደግሞ የከተማ ዳር ሴቶችን ይበልጥ አራቀ።

ቀን 4፦ ሌቪታውን፣ ባክስ ካውንቲ

ዩኤስ 1 ፊላደልፊያን በሩዝቬልት ቡሌቫርድ ሰንጥቆ ባክስ ካውንቲ ይገባል። ሌቪታውን ከ1952 ጀምሮ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ የተሠራ ሲሆን ከ17 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች አሉት። የፌርለስ ብረት ፋብሪካ አጠገቡ ነበር፤ ሥራና ቤት አንድ ላይ መጡ። ገንቢው ለጥቁር ቤተሰብ አይሸጥም ነበር፤ በ1957 የመጀመሪያው ጥቁር ቤተሰብ ከሌላ ሰው ገዝቶ ሲገባ ሰልፍና ድንጋይ ተቀበለው። ይህን ሳያውቁ የአሜሪካን ከተማ ዳር ፖለቲካ መረዳት አይቻልም። ሰበርብ ራሱ የተፈጠረው ማን ይገባል፣ ማን አይገባም በሚለው ላይ ነው።

ባክስ ዝንጉርጉር ነው። ታችኛው ጫፍ እንደ ሌቪታውን ያለ የሠራተኛ ሰፈር፣ መካከሉ እንደ ዶይልስታውንና ኒውታውን ያለ ባለ ዲግሪ፣ ሰሜኑ ገጠር ቀመስ። ስለዚህ ውስጡ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ድምሩ የቆመ ይመስላል። ዲግሪ ያለው ወደ ዴሞክራት፣ የሌለው ወደ ሪፐብሊካን ይሄዳል፤ በካውንቲ ደረጃ ይጣፋል። ብዙ «የማይነቃነቅ» የሚባል ሰበርብ እንዲህ ነው፤ ከላይ ጸጥታ፣ ከሥር ሁለት ጅረት።

ባይደን በ2020 እዚህ በ17 ሺህ ገደማ አሸነፈ። በ2024 ትራምፕ 300 በማይሞላ ድምፅ ወሰደው፤ ከ1988 ወዲህ ለሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩ የመጀመሪያው። ሃሪስ ከባይደን 6 ሺህ ያህል አነሰች፣ ትራምፕ ከራሱ የ2020 ድምፅ 11 ሺህ ያህል ጨመረ። ሁለቱም መንገድ አለበት፤ የቀረም የዞረም አለ። በዚያው ቀን ግን ብራያን ፊትዝፓትሪክ፣ የባክስ ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል፣ በሰፊ ልዩነት ተመረጠ፤ ክልሉ በ2020 ባይደንን፣ በ2024 ሃሪስን የመረጠ ነው። ፕሬዚዳንቱን ከአንዱ፣ የምክር ቤት አባሉን ከሌላው ፓርቲ የሚመርጥ ሰው ዛሬም አለ።

ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋጋ ንረቱ በጁን 2022 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2021 ከ3 በመቶ በታች የነበረው የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በኦክቶበር 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። በ400 ሺህ ዶላር ብድር ላይ ይህ በወር 1,700 ዶላር ገደማ የነበረውን ክፍያ ወደ 2,900 ያወጣዋል። ቀድሞ የገዛው ተረፈ፤ ልጁ ግን አጠገቡ ቤት መግዛት አልቻለም። ለወላጅም ለልጅም ቁስል ነው።

እንዲህ በጠበበ ቦታ የፖስታ ድምፅ አላላክ ራሱ ይወስናል። በፔንሲልቬኒያ ወረቀቱ መጀመሪያ ውስጠኛው የምሥጢር ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ያ ደግሞ በውጭኛው ፖስታ ውስጥ፤ ከዚያ በውጭኛው ላይ ይፈረማል፣ ቀን ይጻፋል። ውስጠኛውን የዘለለ ድምፅ አይቆጠርም። የውጭኛው ቀን የተሳሳተ ወይም ባዶ ከሆነ በፍርድ ቤት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ በትክክል መጻፉ ያዋጣል። ካውንቲው ዘንድ መድረስ ያለበት በምርጫው ዕለት በሀበሻ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ የፖስታ ቤት ማኅተም በሰዓቱ መመታቱ አይበቃም።

ቀን 5፦ ተርንፓይክ

ወደ 600 ማይል፤ የቀን ሙሉ መንዳት። ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያን በራሱ የሚከፍል መሣሪያ) ቢኖር ይሻላል፤ በፔንሲልቬኒያ ተርንፓይክ ያለ እሱ በሰሌዳ የሚላከው ሂሳብ ይበዛል። ኦሃዮ እንደ ገቡ ያንግስታውን በስተ ቀኝ ትቀራለች። ማሆኒንግ ካውንቲ በ2020 ለትራምፕ ድምፅ ሰጠ፤ ከኒክሰን 1972 ወዲህ ለሪፐብሊካን የመጀመሪያው። የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ 40 ዓመት አልፎ ነበር። ሰው ከፓርቲው የሚለየው በተጎዳ ማግስት አይደለም፤ ሌላ የሚያናግረው ሲመጣ ነው።

ቀን 6፦ ኤይት ማይል፣ ዲትሮይት

የዚህ ጉዞ እምብርት ይህ ነው። ኤይት ማይል መንገድ ዲትሮይትን ከሁለት ካውንቲ ይለያል፦ በግራሺየት ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማኮም፣ በውድዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን ምዕራብ ኦክላንድ። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ በ60 ዓመት ውስጥ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ማኮም በ1960 ለኬኔዲ 63 በመቶ ሰጥቶ ነበር፤ ከመላ አገሪቱ ሰበርቦች ይበልጥ ዴሞክራት ከነበሩት ዋነኛው። በ1984 ሮናልድ ሬገን ከሦስት ድምፅ ሁለቱን ወሰደ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ስታን ግሪንበርግ በ1985 እዚህ መጥቶ ሰዎቹን በትንንሽ ቡድን አነጋገረ፤ «የሬገን ዴሞክራቶች» የሚለው ስም የተያያዘው ከዚህ ካውንቲ ጋር ነው። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የማኅበር አባላት። የሰማው ቁጣ ስለ ግብርም ስለ ዘርም ነበር። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚሊከን ክርክር የዲትሮይት ተማሪዎችን ከከተማ ዳር ትምህርት ቤቶች ጋር ለማደባለቅ የወጣውን ዕቅድ 5 ለ 4 ውድቅ አድርጎታል፤ ፍርሃቱ ግን ውሳኔውን አልፎ ኖረ። በ1992 ኢስት ዲትሮይት የምትባለው የማኮም ከተማ ስሟን ወደ ኢስትፖይንት ለወጠች። «ዲትሮይት» የሚለውን ቃል ለማውጣት ነው።

ከዚያ ማኮም ኦባማን ሁለት ጊዜ መረጠ። ስለዚህ ዘረኝነት ብቻውን አይበቃም፤ ያለ እሱም አይሆንም። በ2009 መንግሥት ጄኔራል ሞተርስንና ክራይስለርን ከመፍረስ ማትረፉ፣ ሮምኒ ደግሞ ያንን በአደባባይ መቃወሙ በ2012 እዚህ ክብደት ነበረው።

አሁን ወረቀቱ ይውጣ። በ2012 ኦባማ 208 ሺህ፣ ሮምኒ 192 ሺህ ገደማ። በ2016 ትራምፕ 225 ሺህ፣ ክሊንተን 176 ሺህ ገደማ። የነዋሪው ብዛት በአራት ዓመት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም፤ ላውዶን አይደለም። በኦባማ 16 ሺህ የነበረው ብልጫ ወደ ትራምፕ 48 ሺህ ዞረ፤ በጠቅላላ 64 ሺህ። አንድ ሰው ሲዞር ልዩነቱ በሁለት ይለወጣል፤ ከአንዱ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይጨመራል። ቤቱ የቀረ ግን በአንድ ብቻ ይለውጣል። ስለዚህ ለውጡ ሁሉ በመዞር ቢመጣ 32 ሺህ ሰው ይበቃል። ድምፅ የሰጠው 420 ሺህ ያህል ነው፤ ከ100 ሰው 8ቱ። ለትራምፕ ድምፅ መጨመርና ለዴሞክራቱ ድምፅ መቀነስ ቁጥሮቹ የሚጠጋጉ መሆናቸው ብዙው እውነተኛ መዞር እንደሆነ ያመለክታል፤ ማረጋገጫ አይደለም፣ ምክንያቱም የካውንቲ ድምር የአንድን ሰው ድምፅ አይነግርም። ያም ሆኖ ትራምፕ ሚሺጋንን ያሸነፈው በ10,704 ድምፅ ነው፤ ማኮም ብቻውን ከዚያ አራት እጥፍ በላይ ሰጠው። ከ100 ሰው 92ቱ የትናንቱን ደግመው፣ 8ቱ ብቻ ዞረው ግዛት ይወሰናል።

በማግስቱ ጠዋት ሳይሆን በዚያው ከሰዓት በውድዋርድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ንጽጽሩ ሳይቀዘቅዝ። ፈርንዴል፣ ሮያል ኦክ፣ በርሚንግሃም፣ ከዚያ ሮምኒ ያደገባት ብሉምፊልድ ሂልስ። ኦክላንድ የሀብታም ሪፐብሊካን አገር ነበር። በ1996 ቢል ክሊንተን ወሰደው፤ በ2016 ሂላሪ በ8፣ በ2020 ባይደን በ14፣ በ2024 ሃሪስ በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፉት። በማኮም ከአዋቂው ሩብ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ በኦክላንድ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። በ1960 ያ ልዩነት ማኮምን ዴሞክራት ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ሪፐብሊካን ያደርገዋል። ሰዎቹ ከተለወጡት ይልቅ ፓርቲዎቹ የሚወክሉት መደብ ተለውጧል። ከዚህ የተነሣ «ተዋዣቂው ማን ነው፣ መራጩ ወይስ ፓርቲው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኛ ከግማሽ በላይ ፓርቲው ነው ባዮች ነን።

ከኤይት ማይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ዲርቦርን አለች፤ የዐረብ አሜሪካውያን ከተማ። በ2020 ባይደን ከ10 ድምፅ 7 ያህሉን አገኘ። በ2024 በጋዛ ጦርነት ምክንያት ትራምፕ 42፣ ሃሪስ 36፣ ሦስተኛዋ ዕጩ ጂል ስታይን 18 በመቶ ገደማ ሆነ። የፌርፋክስን ሀበሻ ነገር የሚያስታውስ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በትውልድ አገር ጉዳይ የሚዞር ድምፅ ፈጣንና ትልቅ ነው፤ ግን ሦስተኛ ዕጩን ሳይቆጥሩ የሁለቱን ብቻ ማስላት እዚህ ፍጹም ያሳስታል።

ቀን 7፦ ዋኬሻና ኦዞኪ፣ ዊስኮንሲን

ቺካጎን በአይ-94 ዞሮ ሚልዋኪ፤ 380 ማይል ገደማ፣ ሰዓቱም አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስቱ ካውንቲዎች፣ ዋኬሻ፣ ኦዞኪና ዋሽንግተን፣ የሪፐብሊካን ምሽግ ናቸው። እዚህ ማንም «አልተገለበጠም»፤ ሆኖም ዊስኮንሲን የምትወሰነው እዚህ ነው። ሮምኒ በዋኬሻ 67 በመቶ ሲያገኝ ትራምፕ በ2020 ከ60 ጥቂት አነሰ። በኦዞኪ ከ64 ወደ 55። ባይደን ግዛቱን ያሸነፈው በ20,682 ድምፅ ነው። በ67ና በ60 መካከል ያለው ልዩነት በካርታው ላይ ቀለም አይቀይርም፤ በሂሳቡ ግን ያንን ሁሉ ይሸፍናል። የካውንቲ ካርታ ቀለም አታላይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መታየት ያለበት በስንት ድምፅ እንደተሸነፈ ነው። ትራምፕ በ2024 ግዛቱን መልሶ ሲወስድ ኦዞኪ 54 ገደማ ላይ ቀረ፤ ድሉን ከሌላ ቦታ አመጣው።

አንድ ነገር እዚህ በተለይ ይነገር። የዊስኮንሲን ሕግ የፖስታ ድምፅን ከምርጫው ቀን በፊት መክፈት አይፈቅድም። ሚልዋኪ ከተማ ደግሞ የፖስታ ድምፁን በአንድ ማዕከል ቆጥሮ እኩለ ሌሊት አካባቢ በጅምላ ያሳውቃል። ስለዚህ በምሽት ሪፐብሊካኑ ሲመራ ቆይቶ በድንገት ሊቀየር ይችላል። ከሕጉ የመጣ መዘግየት ነው፤ ይህን ሳያውቅ የተኛ ሰው ሌሊት የተሰረቀ ይመስለዋል።

ቀን 8፦ ከኮብ እስከ ሄንሪ፣ ጆርጂያ

በአውሮፕላን አትላንታ። አይ-75 ወደ ሰሜን ምዕራብ ኮብ ካውንቲ ያደርሳል፤ በ1990ዎቹ የሪፐብሊካኑ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ የኒውት ጊንግሪች ምድር። በ2016 ክሊንተን ኮብንና ጎረቤቱን ግዊኔትን ስትወስድ ከካርተር 1976 ወዲህ የመጀመሪያዋ ዴሞክራት ሆነች። ባይደን በ2020 ግዛቱን በ11,779 ድምፅ አሸነፈ።

ከከተማው ደቡብ ሄንሪ ካውንቲ አለ፤ ብዙ ጎብኚ አይሄድበትም። በ2012 ሮምኒ አሸንፎበታል፤ በ2020 ባይደን 60 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በ2024 አገሪቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ቀኝ ስትሄድ ሄንሪ ወደ ዴሞክራት ገፋ። መካከለኛ ገቢ ያላቸው ጥቁር ቤተሰቦች ከአትላንታና ከክሌይተን ካውንቲ ቤት ፍለጋ ስለመጡ ነው። ላውዶን በሌላ ሕዝብ ተደገመ። ማስታወቂያ ወይም ክርክር እዚህ የሠራው ጥቂት ነው፤ የቤት ዋጋ ብዙ ሠርቷል።

የሚዞረውን መራጭ ለማየት ግን 2022 ይበልጣል። በአንድ ወረቀት ላይ ሪፐብሊካኑ ገዥ ብራያን ኬምፕ በ7.5 ነጥብ አሸነፈ፤ ለሴኔት ደግሞ ዴሞክራቱ ራፋኤል ዋርኖክ ቀደመ፣ ዲሴምበር 6 በድጋሚው ምርጫ ተመረጠ። ኬምፕ ከሪፐብሊካኑ የሴኔት ዕጩ ኸርሼል ዎከር 200 ሺህ ያህል ድምፅ በለጠ። ያው ቀን፣ ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፤ ስለዚህ አዲስ ነዋሪም የቀረ ደጋፊም ሊባል አይችልም። የሚመዝነው ሰው ይኸው ነው።

ቀን 9፦ ከክላርክስተን እስከ ላውረንስቪል

ጠዋት ክላርክስተን፣ ዲካልብ ካውንቲ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከበርማና ከኮንጎ የመጡ ስደተኞች የሰፈሩባት ትንሽ ከተማ። ዜግነት ከአረንጓዴ ካርድ በኋላ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የዛሬ ስደተኛ በምርጫ መዝገብ ላይ የሚታየው ቆይቶ ነው፣ ያኔ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ግዊኔት ተሻግረው ቤት ገዝተዋል። በጆርጂያ የመራጭነት ምዝገባ ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ይዘጋል፤ በዕለቱ መመዝገብ እንደ ሚሺጋን ወይም ዊስኮንሲን አይቻልም።

ግዊኔት በ1970 72 ሺህ ሰው ነበረው፤ በ2020 957,062። በ2012 ሮምኒ 54 በመቶ፣ በ2020 ባይደን 58። የባቡር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የአትላንታ ባቡር ድርጅት ማርታ ሲመሠረት ኮብ በ1965፣ ግዊኔት በ1971 አንገባም አሉ። ያኔ ምክንያቱ በአብዛኛው ማን ከከተማ እንደሚመጣ የመፍራት ነበር። ግዊኔት በ1990ና በ2019 ደግሞ እምቢ አለ። በኖቬምበር 5፣ 2024 ለሁለቱም ካውንቲ ለ30 ዓመት የሚቆይ፣ ከእያንዳንዱ ዶላር ግዢ አንድ ሳንቲም የሚወስድ የትራንስፖርት ግብር ቀረበ። ሁለቱም በዚያው ወረቀት ላይ ለሃሪስ ሰፊ አብላጫ ሰጥተው ግብሩን ጣሉት። ከላውረንስቪል ወደ አትላንታ የሚወስደው አይ-85 በማለዳ እንደ ወትሮው በመኪና ተጨናንቋል።